አንድ ቁና ግርድ

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ለባሌ አልነገርኩትም። በየዐቢይ ጾሙ ነፍስ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም ስናዘዝ እንኳ ይህችን አንዷን ከምላሴ ሥር ደብቄ ተነሥቻለሁ። «ሌላ የቀረ አለ ልጄ?» ይሉኛል። «የለም አባ» እላለሁ። ነበረ እንጂ! ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ነበረ። አሁን ለእናንተ የምናገረው ደፋር ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ታዝዤ ነው። ማን እንዳዘዘኝ እደርስበታለሁ።

ኃጢአቴን ላስቀድም፤ ዙሪያ ጥምጥም አልወድም። አንድ ቁና ግርድ አስፈጭቼ መድፋት ነበረብኝ፤ አላስፈጨሁም። አስፈጭቻለሁ አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ትስቁ ይሆናል። «ለዚህ ነው እንዴ ሰው ይህን ያህል ዘመን የሚብሰለሰለው?» ትሉ ይሆናል። ቆይ እስቲ፣ አትቸኩሉ። ያን ቀን ጉድ ያፈላው የእኔ መቸኮል ነው።

ያደግሁት ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ፣ ሮብ ገበያ አጠገብ ነው። አባቴ እኔ ድክ ድክ ማለት ሳልጀምር ሞተ። እናቴ አብዬ በላቸው ወፍጮ ቤት ትሠራ ነበር፤ ትጠርጋለች፣ ጆንያ ታስተካክላለች፣ ተራ ታስይዛለች። አብዬ በላቸው የወፍጮው ባለቤት ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት የማይጠፋ ሰው። ልጅ አልነበራቸውም። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ሽማግሌ ሰበሰቡና የቀኝ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው አጠቡኝ፤ የጡት ልጃቸው ሆንኩ። ሕፃን ስላልነበርኩ ጣዕሙን አስታውሰዋለሁ። ከማሩ ሥር ዱቄት ዱቄት ይል ነበር። እኔም ማሩ ካለቀ በኋላ ጣታቸውን አልለቅም ብዬ ሰው ሁሉ ሳቀ። «ኧረ ተዪልኝ፣ ነገ የምሠራበት ነው!» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አባዬ» አልኳቸው።

እውነትም የሚሠሩበት ጣት ነበር። ዱቄቱ ከወፍጮው ሲወርድ በዚያ አውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል አሽት ያደርጉታል፤ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ «ላመ» ይላሉ፣ ወይም «ገና ነው» ይላሉ። ሌላ ቃል የላቸውም። እሳቸው «ላመ» ሳይሉ ጆንያውን የሚያስር ሰው አልነበረም፤ ከእሳቸው ጋር የተጣላ እንኳ አያስርም። ድንጋዩንም የሚወቅሩት ራሳቸው ነበሩ። ለማያውቅ ልንገር፦ የወፍጮ ድንጋይ ሲውል ሲያድር ይለሰልስና እህሉን ያሞቀዋል እንጂ አይፈጨውም። ስለዚህ በየጊዜው ተፈትቶ መውቀሪያ በሚባለው ሹል መዶሻ ፊቱ ይወቀራል። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ ደግሞ ስብርባሪ ይይዛል። ግርድ ማለት እህል ሲበጠር የሚቀረው ውዳቂ ነው፤ ከእሱ አንድ ቁና መጀመሪያ ይፈጭበትና የወጣው ዱቄት ይደፋል። ለዶሮም አይሰጥም። «ድንጋዩ አፉን ይጉመጥመጥ» ይሉ ነበር አባዬ።

ትምህርት ቤት መምህራችን ስታድጉ ምን ትሆናላችሁ ሲሉን አንዱ ሐኪም፣ አንዱ አብራሪ አለ። እኔ «ወቃሪ» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ምን ላድርግ? በዓለም ላይ ከዚያ የሚበልጥ ሥራ ያለ አይመስለኝም ነበር። አባዬ ገና በአሥር ዓመቴ መውቀሪያውን አስይዘውኛል። የመጣው ሁሉ «ሴት ልጅ ድንጋይ ስትወቅር የት ታየ?» ይላቸዋል። እሳቸው ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «ድንጋዩ ጠይቋት እንደሆነ ትመልስለታለች» ይላሉ። አንድ ሰው የሚኖርለት ነገር እንዳለው ያወቅሁት እሳቸውን አይቼ ነው። ድንጋዩ ላይ ሲያጎነብሱ የሚጸልዩ ይመስሉ ነበር። እኔም እንደዚያ ማጎንበስ ፈለግሁ፤ ምኞቴ እሱ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ያ ቀን። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፣ አሥራ አምስት ዓመቴ። ለሚኒስትሪ ፈተና ጉርድ ፎቶ ያስፈልግ ስለነበር ከማርቆስ ፎቶ አንሺ መጥቶ ትምህርት ቤት ተቀምጧል፤ እኩለ ቀን ላይ ይመለሳል ተብሏል። ያመለጠው ማርቆስ ድረስ ሊወርድ ነው። በዚያው ሰሞን የመንደራችን ሰው የእትዬ ጥሩዬ ባል ተዝካር ደርሶ ሦስት ጆንያ ጤፋቸው ወፍጮ ቤት ተቀምጧል። የእኛ አገር ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች እንጂ ጤፍ አያበቅልም። ያ ጤፍ ከታች በአህያ ተጭኖ የመጣ፣ የተሳሱለት ጤፍ ነው። አባዬ ለዚሁ ተዝካር ብለው ድንጋዩን በማለዳ ወቅረው ጨረሱ። መልሰው እንደገጠሙት የቀብር መርዶ መጣና እናቴን ይዘው ወደ ጎረቤት ደብር ተነሡ። በር ላይ ዞር ብለው «ይታይሽ፣ ግርዱን አስፈጪና ድፊ። ከዚያ የእትዬ ጥሩዬን ጤፍ ጀምሪ። አደራ» አሉኝ።

አደራ። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ።

ግርዱ ያለው ቤት ነው፤ ቤታችን ደግሞ ዳገቱ ላይ። ወጥቼ ስመለስ ፎቶ አንሺው ሊሄድብኝ ነው። ምን አሰብኩ? ምንም አላሰብኩም። ሞተሩን አስነሣሁ፣ የእትዬ ጥሩዬን ጤፍ ወፍጮው አፍ ውስጥ ገለበጥኩ። እኔ ነኝ የገለበጥኩት፤ ማንም እጄን አልያዘኝም። የመጀመሪያው ዱቄት ሲወርድ እንደ አባዬ ዐይኔን ጨፍኜ በሁለት ጣቴ አሸሁት። ጣቴ ነገረኝ። ጠጠር ነበረው። አላወቅሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል፣ ውሸት ደግሞ በቅቶኛል። አውቄዋለሁ! «ትንሽ ነው፣ ወንፊት ያስቀረዋል» አልኩ ለራሴ፤ ጨርሼ ፈጨሁት፣ ጆንያውን አሰርኩት፣ ፊቴን ታጥቤ ፀጉሬን ቅቤ አስነክቼ ሮጥኩ። ደረስኩ። ፎቶው ዛሬም አለኝ። ደስ ብሎኛል፣ ጥርሴ ሁሉ ይታያል። ቅንድቤ ላይ ዱቄት አለ።

የተዝካሩ ቀን ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ካህናቱ ከላይ ተቀምጠዋል። እኔ ወጥ እየጨመርኩ ነበር። እንጀራው ተቆረሰ፣ ተጎረሰ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ማላመጡን ተወ። ጥርስ ጠጠር ሲያገኝ የሚሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። አንዱ ጉንጩን ያዘ፣ አንዷ ወደ እጇ ተፋች። የአጥቢያችን መሪጌታ፣ ለቃል የማያንሱ ሰው፣ ጺማቸውን ጠራርገው ዳሱን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ጥርሶቻችንን በላቸው!» አሉ።

ሳቁ ዳሱን አነቃነቀው። ጥርሳችን ተበላ ማለታቸው ነው ወይስ የአባዬን ስም መጥራታቸው? ሁለቱንም ነዋ! የእኛ አገር ሰው እንዲህ ያለ ቃል ካገኘ መቼ ይጥለዋል? በሳምንቱ ገበያ ላይ ደርሶ ነበር። እትዬ ጥሩዬ ግን አልሳቁም። ማዕዘኑ ላይ ተቀምጠው «ለባሌ ነፍስ ድንጋይ አበላሁ» እያሉ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው አለቀሱ።

አባዬ ከዳሱ ጀርባ ጠሩኝ። አልተቆጡም። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«ግርዱን አስፈጭተሽ ነበር?»

«አዎ አባዬ፣ ደፍቼዋለሁ።»

ይቺ ናት። «አዎ አባዬ፣ ደፍቼዋለሁ።» ዛሬም ሰሐን ሳጥብ፣ መንገድ ስሄድ፣ ተማሪ ስጠብቅ ራሴን ስላት እይዘዋለሁ። ሁለተኛ ቢጠይቁኝ እናገር ነበር፤ እምላለሁ እናገር ነበር። ግን ለምን ሁለተኛ ይጠይቁኝ? ጣታቸውን ያጠቡኝ ልጃቸው አይደለሁ? ቀኝ እጃቸውን አንሥተው አውራ ጣታቸውን ትኩር ብለው አዩት። «እንግዲያ ዐይኔ ነው» አሉ። «ስወቅር ስብርባሪውን ሳላየው ትቼዋለሁ። ዐይኔ ከድቶኛል።»

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አባዬ ከወንዝ ዳር አንድ ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉና ወደ እትዬ ጥሩዬ ደጅ ሄዱ። የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ እንደዚያ ነው። እኔ ከኋላቸው ተከትያለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ደጃቸው ሩቅ አይደለም፤ ግን ለአንድ ቃል ይበቃል። ለአንድ ቃል ሳይሆን ለመቶ ይበቃ ነበር! የአባዬ አንገት ሲንቀጠቀጥ እያየሁ፣ ያ ድንጋይ የእኔ መሆኑን እያወቅሁ ሄድኩ። ሰው አጥር ላይ ቆሞ ያያል። እትዬ ጥሩዬ ወጥተው ድንጋዩን ከማጅራታቸው አወረዱና «እግዜር ይማርዎ አብዬ በላቸው» አሉ። እኔን ግን ያየኝ የለም። ቀሚሴን እያስተካከልኩ ቆሜ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አባዬ መውቀሪያውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ድንጋዩ ሲለሰልስ ከአማኑኤል ከተማ ወቃሪ ያስመጡ ጀመር። ልጆች ሲያልፉ «ጥርሶቼን በላቸው!» እያሉ ይሮጣሉ፤ እሱስ አልከበዳቸውም፣ ፈገግ ይሉ ነበር። የከበደኝ ሌላ ነው። «ላመ» ማለት ተዉ። ሰው ዱቄቱን ዘርግቶ ሲጠብቃቸው «እናንተው እዩት» ይላሉ። አንድ ሰው እኔ የምኖረው ለምን እንደሆነ በጣቱ አሳየኝ። እኔ ደግሞ ያንኑ ጣት እንዳያምን አደረግሁት። ሰው ወርቅ ይሰርቃል፣ በሬ ይሰርቃል። እኔ ከአባቴ የሰረቅሁት በእጁ መታመንን ነው።

ይባስ ብሎ ደግሞ ጠቀመኝ። «ከእንግዲህ እኔ የማስተምርሽ ሙያ የለኝም» ብለው ማርቆስ ቤት ተከራይተው አስተማሩኝ። የመጀመሪያ ቀን ሲሸኙኝ «አንቺ በወረቀት ተማሪው፣ ወረቀት እንደ ዐይን አይከዳም» አሉኝ። ተማርኩ። ዛሬ አንድ የቴክኒክ ማሰልጠኛ ውስጥ የማሽን ሥራ አስተምራለሁ፤ ቶርኖ፣ ብየዳ፣ ጥገና። ባሌ ደግ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እግሬ ይፈጥናል። ጥገና ከተደረገለት ማሽን የወጣውን የመጀመሪያ ዕቃ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ «ጣሉት» እላለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር ጣሉት» ብለው ስም አውጥተውልኛል፤ የማልሰማ ይመስላቸዋል። ሕይወቴን እወደዋለሁ። ይህን ስጽፍ አፈርኩ፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። ያን ቀን ግርዱን አስፈጭቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት ነበርኩ? ወፍጮ ቤት? ይህ ሁሉ መልካም ነገር ከዚያ ውሸት ነው የበቀለው? አላውቅም። ቢሆንስ? ስለጠቀመኝ በደሌ ይቀንሳል? አይቀንስም፤ እንዲያውም ይብሳል።

ወሩ መጀመሪያ ላይ አባዬን ዐይናቸውን ላሳይ ማርቆስ አወረድኳቸው። ሰማንያ እየተጠጉ ነው፤ አሁን እውነትም ዐይናቸው ደክሟል። ወጣቱ ሐኪም በመብራት አይቶ ሞራ እንደጋረዳቸው፣ በቀዶ ሕክምና እንደሚገፈፍ ነገረን። ቀጠሮ ሰጠን። ከዚያ ለመዝገቡ ብሎ «አባቴ፣ ማየት ያቃተዎት ከመቼ ወዲህ ነው?» አላቸው።

«ኧኸ!» አሉ አባዬ። «የእትዬ ጥሩዬ ባል ተዝካር ጊዜ ነው። ሃያ አምስት ዓመት አለፈው።»

ሐኪሙ ሳቀ። «አይደለም አባቴ፣ ይህ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው።»

«አንተ ልጅ ነህ፣ አታውቀውም» አሉት። «እኔ ቀኑን ጭምር አውቀዋለሁ።»

አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። እጃቸውን ይዣለሁ። ያንን አውራ ጣት። እንዲህ ያለ እምነት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሐኪሙን አላመኑም፣ የራሳቸውን ዐይን አላመኑም፤ እኔን ነው ያመኑት።

ባለፈው እሑድ ሮብ ገበያ ወጣሁ። ከመኪና እንደወረድኩ ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁ። አዎ፣ እኔ፣ ቲቸር ጣሉት፣ በዚያ በማርቆስ ጫማዬ! ሰው ያየኛል፣ ሴቶች «ምነው? ምን አጠፋች?» ይባባላሉ። ይበሉ። አባዬ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባዬ፣ ይታይሽ።»

«ምን ተሸክመሽ ነው እንዲህ የምታለከልኪ? ድንች ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

ቀስ ብለው ቀና አሉ። «ማንን በድለሽ?»

«እርስዎን። ያኔ ግርዱን አላስፈጨሁትም አባዬ። ደፍቼዋለሁ ያልኩዎት ዋሽቼ ነው።»

የትኛውን ግርድ ብለው አልጠየቁኝም። ማጅራቴ ተቃጠለ፣ ድንጋዩ ተንሸራተተ፣ መልሼ ያዝኩት።

«እንግዲያ ዐይኔ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«እጄስ?»

«እጅዎም አልነበረም። ድንጋዩን ደህና አድርገው ነበር የወቀሩት። ጥፋቱ የእኔ ነበር።»

እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን ከማጅራቴ አነሡት። ይቅር ሊሉኝ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ገለበጡት፣ ጥፍራቸውን ሰደዱበት። «ኤዲያ! ይሄ ገልቱ ድንጋይ ነው፣ ይፈረፈራል። ያን ያህል አስተምሬሽ ከድንጋይ ሁሉ ይህን መረጥሽ?» አሉና መሳቅ ጀመሩ። እንባቸው ይወርዳል፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ይስቃሉ። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረው፣ ማንም በሌለበት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተጣሩ።

«ሰማችሁ? በላቸው አልበላቸውም! በላቸው አልበላቸውም ነበር!»

የሚሰማ የለም። መሪጌታው ካረፉ ቆይተዋል። እትዬ ጥሩዬ ሞተዋል። ዳስ ውስጥ የሳቀው ሰው ግማሹ ከአፈር በታች ነው። እኔ ቁጣ ጠብቄ፣ እርግማን ጠብቄ ነበር የሄድኩት፤ ደስታቸው ከሁሉም ባሰብኝ። ያ ደስታ የእሳቸው ነበር። በማንኛውም ቀን፣ በአንድ ቃል ልሰጣቸው እችል ነበር። ሃያ አምስት ዓመት እኔ ዘንድ አስቀመጥኩት።

ሳቃቸው ሲበርድላቸው «ለቀሩት ንገሪያቸው» አሉኝ። «ለማያውቁኝም ቢሆን ንገሪ።» እነሆ፣ ነገርኳችሁ።

እግራቸው ሥር ተቀመጥኩና «አባዬ፣ ይቅር አሉኝ?» አልኳቸው።

«እስቲ ከጓዳ ዱቄት አምጪልኝ» አሉ። በጣሳ አመጣሁላቸው። በአዲሱ የመብራት ወፍጮ የተፈጨ ነው። ቆንጠር አደረጉና በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹት። የማያየውን ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያላየሁት ፊት ተመልሶ መጣ።

«ገና ነው» አሉ።

ስለ ዱቄቱ ይሁን ስለ እኔ አልጠየቅኋቸውም። በመጪው እሑድ ዱቄት ይዤ እመለሳለሁ።